አስታማሚዋ እቴጌ



ባለፈው ስብሰባ "ለሚቀጥለው እትም የታሪክ ጽሑፍ የምታቀርብ ማን ናት?" ሲባል እጄን ያወጣሁት ብዙም ሳላስብ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዲፕሎማዬም በአካውንቲንግ እንጂ በታሪክ አይደለም። ሆኖም ላለፉት ሦስት ዓመታት ሌሊት ሌሊት የማነበው ታሪክ ነው። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቴ በስትሮክ ከወደቀ ወዲህ የመኝታ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጠዋለሁ። በመካከሉ እንቅልፍ እሺ ካለኝ እተኛለሁ፤ እምቢ ካለኝ አነባለሁ።

ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ደረስኩ። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው፣ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አንሥተው ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ ይላል። መጽሐፉ ወዲያው ስለ ልጅ ኢያሱ ወደ ማውራት አለፈ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። "ብቻ" የምትለዋ ቃል ያን ሌሊት አላስተኛችኝም። ባል ማስታመም "ብቻ" የሚባል ሥራ መሆኑን የወሰነው ማን ነው?

ስለዚህ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አድዋዋ ጣይቱ አይደለም። እርሷን ሁላችንም እናውቃታለን። የምጽፍላችሁ ከጥቅምት 1902 እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ በአንድ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ስለተቀመጡት አስታማሚ ነው።

ከሕመሙ በፊት

ጣይቱ ብጡልና ምኒልክ የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ ነው። ምኒልክ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ገና እንጦጦ ላይ ሳለ፣ እቴጌይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባ የሚለውንም ስም አወጡለት። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1888ቱ ዘመቻም የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጥተዋል። መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ ያስያዙት እርሳቸው ናቸው።

ይህን የማነሣው ለሙገሳ አይደለም። ባልና ሚስቱ ከሃያ ስድስት ዓመት ለማይተናነስ ጊዜ ሥራን ተካፍለው የኖሩ መሆናቸውን ለማስታወስ ነው። ልጅ አልወለዱም። ምኒልክ ከሌላ የወለዷቸው ወይዘሮ ዘውዲቱና ወይዘሮ ሸዋረጋ ነበሩ። በአገራችን ደግሞ ልጅ ያልወለደች ሚስት ባሏ ሲታመም ምን እንደሚደርስባት ለእናንተ መንገር አያሻም። ባሏ ጤነኛ ሳለ የቤቱ እመቤት ናት፤ ባሏ ሲወድቅ "መጤ" ትባላለች። እቴጌ ጣይቱም ከሰሜን የመጡ ስለነበሩ ይህ ቃል በሸዋ መኳንንት ዘንድ ሲጠብቃቸው የቆየ ነው።

ጥቅምት 1902

የአፄ ምኒልክ ጤና ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይታወክ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ግንቦት 1901 ላይ ደግሞ የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ ገና ልጅ የነበሩትን ኢያሱን፣ ወራሻቸው መሆናቸውን በይፋ አሳወቁ። በዚህ መካከል ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። ከጓዴሎፕ የመጡት ዶክተር ቪታሊየን ነበሩ፤ ሌሎችም የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ። ለጠበል ወደ ደብረ ሊባኖስ ወርደዋል። ፍልውሃውም ነበረ።

ይህን ሳነብ ሳቅም እንባም መጣብኝ። እኔስ ምን ለየኝ? ሰኞ ፊዚዮቴራፒ፣ ረቡዕ ጠበል፣ ቅዳሜ ጎረቤት የነገረችኝ የወጌሻ ቤት። "ይሄንን ሳልሞክር ቀርቼ ቢሆንስ?" የሚለው ሐሳብ ከቤተ መንግሥት እስከ ኮንዶሚኒየም አንድ ነው።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ስትሮክ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ራስ ተሰማ ናደው የልጅ ኢያሱ እንደራሴ ተብለው ታወጀ። ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። እንደ ሙያዬ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ከ1,500 ቀን በላይ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጊዜ የሚያስታውሱት በሹም ሽሩ ነው። እኔ ግን ስትሮክ የመታውን ሰው ስለማውቅ ያን 1,500 ቀን በሌላ መልኩ አየዋለሁ። ሰውነቱ የማይታዘዝለት ሰው በወርቅ አልጋም ተኛ በቆርቆሮ አልጋ የሚያስፈልገው አንድ ነው። በየሰዓቱ ማገላበጥ አለ። ገላ ማጠብ፣ አንሶላ መቀየር፣ ሽንትና ሰገራ ማጽዳት አለ። ቀጭን ነገር ትን ስለሚለው አጥሚቱን ወፈር አድርጎ፣ ቀና አስደግፎ፣ በማንኪያ እየጠበቁ ማጉረስ አለ። በእቴጌይቱ ቤት አሽከርና ደንገጡር ሞልቷል፤ እኔ ደግሞ ያለችኝ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታግዘኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ናት። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አልክድም። ግን ለአሽከር የማይሰጥ ሥራም አለ። አንደበቱ የተያዘ ሰው ምን እንደፈለገ ከዓይኑ ማንበብ የሚችለው አብሮት የኖረ ሰው ነው።

"እሺ"

ባለቤቴ ከስትሮኩ በኋላ የቀረው አንድ ቃል ነው፤ "እሺ"። ሲርበውም እሺ፣ ሲያመውም እሺ፣ ሲናደድም እሺ። እኔና ልጄ ከድምፁ አወጣጥ እንለየዋለን። አጭሩ እሺ "ውሃ" ማለት ነው። የተጎተተው "ተዉኝ" ማለት ነው። ሌላ ሰው ሲሰማው ግን ሁሉም እሺ ነው።

አንድ ቀን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአገር ቤት ወረቀት ይዘው መጡ። የአባታቸው ቦታ ጉዳይ ነው። "ድርሻህን ለእኔ ትለቃለህ?" አሉት። "እሺ" አለ። ወረቀቱን አውጥተው አውራ ጣቱን ሊያስነኩት ሲሉ፣ "ጋሼ፣ 'ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች?' ቢሉትም እኮ 'እሺ' ነው የሚልዎት" አልኳቸው። ወረቀቱ አልተፈረመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቤተ ዘመዱ ዘንድ ስሜ "ወንድማችንን የደበቀችው" ሆነ። እህቱ ልትጠይቀው ስትመጣ እያጠብኩት ስለነበር ሩብ ሰዓት ውጭ ብትጠብቅ፣ "አላስገባ አለችኝ" ተባለ። ሳስገባ ደግሞ "እዩት፣ እንዴት አክስታዋለች!" ተባለ።

በእቴጌ ጣይቱ ላይ የደረሰውን ሳነብ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ንጉሡ መናገር ካልቻሉ፣ "ንጉሡ ይህን ፈቅደዋል" የሚለው ማን ነው? ከአልጋው አጠገብ ያለው ሰው ነው። ያም ሰው እቴጌይቱ ናቸው። ስለዚህ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ እርሳቸው ሄደ። ሰው እንዳይገባ ቢያደርጉ ደበቁት ይባላል። ትእዛዝ ቢወጣ የንጉሡ ሳይሆን የእርሳቸው ነው ይባላል። መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚል ወሬ እንኳ በከተማው ተነዝቶ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ መኳንንቱ የፈሩት በከንቱ ብቻ አይደለም። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት አምስት ወራት ያህል እቴጌ ጣይቱ አገሩን በእጃቸው አድርገው ነበር። ሾሙ፣ ሻሩ፤ የራሳቸውንም ወገኖች አቀረቡ። ራስ ተሰማ እንደራሴ ተብለው ሳለ ሥልጣኑ በእቴጌይቱ እጅ ነበር። በንጉሡ ስም የሚሠራ ሰው መቆጣጠሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን የምለው እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ያለ ተቆጣጣሪ የሚፈርም ሰው ቅን ቢሆን እንኳ መታማቱ አይቀርም። እኔም ከዚያ የወረቀት ጉዳይ በኋላ የባለቤቴን ጉዳዮች በቤተሰብ ፊትና በሕግ መንገድ ለማስያዝ የተነሣሁት ለዚህ ነው። የመድኃኒቱንም፣ የዳይፐሩንም፣ የሐኪሙንም ደረሰኝ በአንድ መዝገብ አስቀምጣለሁ። "ገንዘቡ የት ገባ?" ለሚለኝ መዝገቡን አሳያለሁ። እህቶቼ፣ የታመመ ባል ያላችሁ ሁሉ ይህን አድርጉ። ፍቅር ለራስ ኅሊና ይበቃል፤ ለዘመድ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል።

መጋቢት 12

ወደዚያች "ብቻ" ወደምትለው ቃል ልመለስ። በመጋቢት 1902 የሸዋ መኳንንት፣ ከእነርሱም ዋናው የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ በአቡነ ማቴዎስ ስምምነት እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሉ። ሥልጣኑ ለራስ ተሰማ ሆነ። ለእቴጌይቱ የቀረላቸው ባለቤታቸውን ማስታመም ነው።

ልብ ብላችሁ እዩት። መኳንንቱ ሹመቱን ወሰዱ፤ ትእዛዙን ወሰዱ። ማስታመሙን ግን አልወሰዱም። ያንን የተሻማቸው አልነበረም። በዙፋኑ ላይ ስንት ሰው ሲነታረክ፣ "እኔ ልደር፣ እርስዎ ትንሽ ይረፉ" ብሎ አልጋው ዘንድ የተሰለፈ ራስም ሆነ ደጃዝማች በታሪክ አላጋጠመኝም። ቅጣት ተብሎ የተሰጣቸውም ይኸው ሥራ ነው። ታላቂቱን እቴጌ ለማሳነስ ሲፈልጉ ያገኙት መንገድ "ሂጂና ባልሽን አስታሚ" ማለት ሆነ።

ግን ምን ሆነ? ራስ ተሰማ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1903፣ ሞቱ። የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ቀጠለ። እቴጌ ጣይቱ ግን ከተሻሩበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ከስምንት ወር በላይ የተተወላቸውን ሥራ ሠሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሴት ነበሩ። አንድ ሽባ የሆነ የስልሳ አምስት ዓመት ሰው ከከባድ ስትሮክ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በሕይወት መቆየቱን ለአንድ ነርስ ብትነግሯት፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ "ማን ነበር የሚያስታምመው?" ብላ ነው። ያኔ እንደ ዛሬው የደም ግፊት ክኒን የለም። ለቁስሉም ለሳንባ ምቹም አንቲባዮቲክ የለም። ያለው እጅ ብቻ ነው። እንግዲህ "ብቻ" የምትለዋ ቃል ቦታዋ እዚህ ነው።

ያልተለቀሰ ለቅሶ

አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ነገር ግን ሞታቸው ለሕዝቡ አልታወጀም። አስከሬናቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በምሥጢር ተቀመጠ። ድንኳን አልተጣለም፤ ነጋሪት ተመትቶ እርም አልወጣም።

ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ደረቴን ይጨንቀኛል። እኛ ሴቶች ለቅሶ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ድንኳኑ፣ ሙሾው፣ የጎረቤቱ ቡና፣ የሰልስቱ ንፍሮ፣ ይህ ሁሉ ያለው ለሟቹ ብቻ አይደለም፤ ስታስታምም ለከረመችዋም ነው። "በቃሽ፣ አድርገሻል፣ አሁን አልቅሺ" የሚላት እርሱ ነው። እቴጌ ጣይቱ ይህን የሚገባቸውን ለቅሶ አላገኙም። ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ዘውድ በጫኑበት ደብር አጠገብ ጥቁር ለብሰው ተቀመጡ። ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. መስከረም ሲሻሩና ዘውዲቱ ሲነግሡም እዚያው ነበሩ። በኋላ ወደ ጎንደር ሄደው የቀረ ዕድሜያቸውን እዚያ ለመፈጸም ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው አጠገብ ዐርፈዋል። አራት ኪሎ በኩል የምታልፉ ከሆነ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኔ አንድ ቀን ሄጄ ነበር፤ ልጄ ባለቤቴን የጠበቀችልኝ ቀን። ብዙ አልቆየሁም፤ የማገላበጫ ሰዓቱ ደርሶ ነበር።

ለማኅበራችን የምለው

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህን ታሪክ የመረጥኩት በምክንያት ነው።

የማኅበራችን የሒሳብ መዝገብ በእኔ እጅ ነው። ደንባችንንም በደንብ አውቀዋለሁ። አንዲት አባል ባሏ ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፤ ወንበርና ብረት ድስት እናወጣለን፤ ገንዘብ እንሰጣለን፤ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ እንሠራለን። እግዚአብሔር ይስጠን፤ መልካም ነው። ባሏ ሲታመም ግን አንድ ጊዜ ብርቱካን ይዘን እንጠይቃለን፤ "ምሕረቱን ያምጣልሽ" ብለን እንወጣለን። ከዚያ በኋላ ያለው 1,500 ቀን የእርሷ ነው። ደንባችን ሞትን ያውቃል፤ ሕመምን አያውቅም።

በዚህ የማንም ስም አይነሣም። እኔም ባለቤቴ ከመታመሙ በፊት ብርቱካን ይዘው ከሚሄዱት አንዷ ነበርኩ። ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ፣ "በርቺ" ብዬ እወጣ ነበር። "በርቺ" የሚለው ቃል ለደከመ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ። እንድበረታ የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም። ያጣሁት "ሂጂ ተኚ፣ እኔ አለሁ" የሚለኝ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም። 38 አባላት ነን። በአሁኑ ጊዜ በቤታችን የታመመ ባል የምናስታምም አራት ነን። የቀሩት 34 እህቶች እያንዳንዳቸው በወር አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ቢሰጡ 68 ሰዓት ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዷ አስታማሚ በወር 17 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አራት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ተራውን እንደ እቁብ ዕጣ አውጥተን መያዝ እንችላለን። የምትመጣው እህት ማጠብ ወይም ማገላበጥ የማትችል ከሆነ ችግር የለውም፤ አጠገቡ ትቀመጥ፣ አንድ ነገር ቢሆን ስልክ ትደውል። አስታማሚዋ በአራት ሰዓት ውስጥ ትተኛለች፤ ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሳ ትመጣለች፤ ወይም የራሷን ደም ግፊት ትለካለች። እኔ እንኳ የራሴን ከተለካሁ ዓመት አልፎኛል።

"ባል የሚስት ዕዳ ነው፣ ሌላ ሰው ምን አገባው?" የምትል እህት ልትኖር ትችላለች። ለእርሷ መልሴ ይህ ነው። ባለቤቴን ላስታምም ቃል ገብቻለሁ፤ አልተዉም፤ ምትክም አልጠየቅሁም። እቴጌ ጣይቱም አልተዉም። ግን አገር ያስተዳደሩ ሴት እንኳ ለብቻቸው ሲተዉ ምን ያህል እንደሚከብድ አይተናል። እኛ የማኅበር አባላት ነን። መረዳጃ ማኅበር የተባልነውም ለዚህ ነው።

ሐሳቡን በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ በአጀንዳ እንዲያዝልኝ ለሊቀመንበራችን አመልክቻለሁ። ደግፉትም ተቃወሙትም፣ ተነጋገሩበት። እኔ በስብሰባው ላይ መገኘቴን እርግጠኛ አይደለሁም። የሚመጣ ሰው ካገኘሁለት እመጣለሁ። ካላገኘሁ ግን ይህ ጽሑፍ በእኔ ቦታ ይነበብልኝ።

ቸር ያሰማን።